መምህሩ ሳይማር ስክሪኑ ምን ያስተምራል?

በአገራችን ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ ሲወራ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በዕቃ ቆጠራ ነው። ይህን ያህል ኮምፒውተር ተሰጠ፣ ይህን ያህል ታብሌት ተከፋፈለ፣ ይህን ያህል ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ገባለት ይባላል። እኛም የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የልምምድ ዜና ስንጽፍ የምንቀዳው ይህንኑ ነው፤ የርክክብ ሥነ ሥርዓቱ፣ የክብር እንግዳው ንግግር፣ የዕቃው ብዛት፣ በቃ። ዕቃው ክፍል ከገባ በኋላ አጠገቡ የሚቆመው መምህር አጠቃቀሙን መቼና ከማን እንደሚማር የሚጠይቅ ዜና ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ለመሆኑ አንድ መምህር ቴክኖሎጂን ለማስተማር ሥራው መጠቀም የሚማረው እንዴት ነው? በኢንተርኔት የሚገኙት መማሪያዎችስ ምን ያህል ይረዱታል? ርዕሱ የትምህርት ፋኩልቲ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ሚዲያ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የቀረበ ርዕስ ማግኘት ይከብዳል ባይ ነኝ። ምክንያቱም አገራችን ካካሄደቻቸው ትልልቅ የሚዲያ ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው።

ከሰማይ የመጣው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2004 በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰቀል ጀመረ። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ እንግሊዝኛው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እየተቀረጸ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ደቂቃ ያህሉን የሚወስደው ስርጭቱ ሲሆን ለክፍሉ መምህር የሚቀረው ከፊት ለመግቢያ፣ ከኋላ ለማጠቃለያ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ሐሳቡ መጥፎ ነበር ማለት ይከብደኛል። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲሠራ በዓይኑ ማየት ቻለ። የገጠሩና የከተማው ተማሪ ቢያንስ በስክሪኑ በኩል አንድ ዓይነት ትምህርት ደረሰው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በስክሪኑ የሚታየው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለመሥሪያ የተመደበው ጊዜ ያልፋል፣ ከዚያም መልሱን ተናግሮ ይቀጥላል። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሠርተው ይጨርሱ ወይም አንድም ሰው ጥያቄውን አይረዳ፣ ለስርጭቱ ለውጥ የለውም። መምህሩ ማስቆም አይችልም፤ ወደ ኋላ መመለስም አይችልም። መብራት ከጠፋማ ያ ትምህርት አለፈ ማለት ነው። አባቶች “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” የሚሉት ሳተላይት ሳይኖር በፊት ነበር፤ ለዚህ ግን ልክክ ይላል።

አንደኛ ዓመት ላይ የሻነንና የዊቨርን ሞዴል የተማርን ሁሉ ነገሩ ወዲያው ይገባናል። መልእክት ከላኪ ወደ ተቀባይ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ግብረ መልስ የሚባል ነገር የለበትም። ሞዴሉ መጀመሪያ የታሰበው ለስልክ መስመር እንጂ ለሰው ልጅ ንግግር እንዳልሆነ መምህራችን ደጋግመው ነግረውናል። ፕላዝማው ይህንን ሞዴል ከነጉድለቱ ወደ ክፍል አስገባው። ክፍሉ ውስጥ ግብረ መልሱን ማየት የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የተማሪዎቹን ፊት አይቶ ማን እንደገባው፣ ማን ግራ እንደተጋባ የሚያውቀው መምህር ነው። ይህ ሰው ግን ከስክሪኑ ጎን ቆሞ አብሮ ተመልካች ሆነ። አንዳንዱ ተማሪ መምህሩን ቴሌቪዥን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አድርጎ ማየቱ ይህን ሥርዓት በተመለከቱ ጽሑፎች ሁሉ በተደጋጋሚ የሚነሳ ቅሬታ ነው። እኔ የተወለድሁት ፕላዝማው በገባ ሰሞን ስለሆነ የደረስሁበት ግድግዳ ላይ አቧራ ለብሶ ነው። ስለ እሱ የሰማሁት ሁሉ ከታላላቆቼ ነው፤ እነሱም ሲያነሱት በሳቅ ነው፤ ሳቁ ግን የደስታ አይመስለኝም።

ከዚህ የምንወስደው ስክሪን ጠላት ነው የሚለውን አይደለም። ያኔ የተገዛው መሣሪያ፣ የተከራየው ሳተላይት፣ የተቀረጸው ትምህርት ሁሉ ተማሪውን ታሳቢ ያደረገ ነበር። የተረሳው መሃል ላይ ያለው ሰው ምን ሊሠራበት ይችላል የሚለው ጥያቄ ነው።

አምፖሉና ሦስቱ እውቀቶች

መምህሩ ማወቅ ያለበት ምኑን ነው? ኮምፒውተር መክፈት? ፓወር ፖይንት መሥራት? እዚህ ላይ ሁለት የጥናት ሐሳቦችን ማንሳት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሊ ሹልማን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ተናገረ። የትምህርቱን ይዘት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የማስተማር ዘዴን ማወቅም ሌላ ነገር ነው፤ መምህርን መምህር የሚያደርገው ግን የሁለቱ መገናኛ ላይ ያለው እውቀት ነው አለ። ማለትም ይህ ርዕስ ለተማሪ የሚከብደው የቱ ጋ እንደሆነና በምን ምሳሌ እንደሚፈታ ማወቅ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮለር ቴክኖሎጂን ሦስተኛ አድርገው ጨመሩበት። እነሱም ቢሆኑ ቴክኖሎጂውን ለብቻው ማወቅ ብዙ አይረዳም ነው የሚሉት፤ ዋናው ነገር ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ደረቅ ስለሆነ በምሳሌ ልሞክረው። አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ሊያስተምር ነው እንበል። ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች በአንድ ሽቦ ላይ ተከታትለው ተያይዘዋል፤ የትኛው የበለጠ ይበራል? ብዙ ተማሪ የመጀመሪያው ነው ይላል፤ የመጀመሪያው አምፖል ኤሌክትሪኩን ተጠቅሞበት ለሁለተኛው የሚደርሰው የተረፈው ነው ብሎ ስለሚያስብ። ልክ አይደለም፤ እኩል ነው የሚበሩት። ይህን የተሳሳተ ግምት አስቀድሞ የሚያውቅ መምህር የሹልማን እውቀት አለው ማለት ነው።

አሁን ለዚህ መምህር አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ስጡት። “ፌት” የሚባል በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ነፃ የሳይንስ ማሳያ አለ። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረተው ሲሆን አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል በማውስ እየጎተቱ ማያያዝ፣ በሽቦው ውስጥ የሚሄደውንም ማየት ይቻላል። ተራ አጠቃቀሙ ከፍቶ “ይኸው፣ እኩል ናቸው” ብሎ ማሳየት ነው። ይህ ትንሽ ፕላዝማ እንጂ ሌላ አይደለም። የተሻለው አጠቃቀም ማብሪያውን ከመንካት በፊት 60ውን ተማሪ እጅ እያስወጡ ማስገመት፣ የግምቱን ቁጥር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ መጻፍ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ማከራከር፣ ከዚያ ማብራት ነው። መሣሪያው ያው ነው፤ ትምህርቱ ግን ሌላ ሆነ። ልዩነቱ ደግሞ ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አላስወጣም፤ ያስፈለገው መምህሩ አንድ ቦታ ላይ፣ ከአንድ ሰው፣ ይህን አካሄድ ማየቱ ብቻ ነው።

ዩኔስኮም ለመምህራን የቴክኖሎጂ ብቃት ማዕቀፍ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በ2011 እና በ2018 ተሻሽሏል። 18 ብቃቶችን በሦስት ደረጃ ይዘረዝራል፤ ከመሠረታዊ አጠቃቀም ተነስቶ መምህሩ ራሱ አዲስ ነገር እስከሚፈጥርበት ድረስ። ማዕቀፍ ለዕቅድ አውጪ ይጠቅማል። ሰኞ ጠዋት ክፍል ለሚገባ ሰው ግን የአምፖሉ ምሳሌ ይበልጥበታል ብዬ አምናለሁ።

ስልሳው ሰዓት

መምህሩ ይህንን አካሄድ የሚያይበት ቦታ በአገራችን በደንብ አለ፤ ቢያንስ በወረቀት። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ይባላል፤ መምህራን በአጭሩ “ተሙማ” ወይም “ሲፒዲ” ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ያዛል። አዲስ ተቀጣሪ መምህርም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሙያ ትውውቅ ሥልጠና ይወስዳል። አካሄዱም ዑደት ነው፤ ችግርህን ለይ፣ አቅድ፣ ተግብር፣ ገምግም፤ ከዚያ እንደገና ጀምር። ሁሉም በማህደረ ተግባር ይያዛል። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ተሰባስበው ይመካከራሉ፤ ሱፐርቫይዘርም ይከታተላል። የዩኒቨርሲቲ መምህራንም የራሳቸው አላቸው፤ መምህሮቻችን “ኤች ዲ ፒ አለብኝ” ብለው የምክክር ሰዓት ሲቀይሩብን የነበረው ለከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራሙ ነው።

ይህን ያነበበ የውጭ አገር ሰው ቢቀና አይገርመኝም። አካሄዱ ከአሜሪካኖቹ የጥናት ውጤት ጋር ሳይቀር ይስማማል። በሥራ ላይ ግን ሌላ መልክ አለው። አክስቴ የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ታስተምራለች። ስለዚህ ጽሑፍ ስነግራት መጀመሪያ ያሳየችኝ ሦስት ወፋፍራም ፋይሎች ነው። ማህደረ ተግባሯ ናቸው። በሥርዓት የተሞሉ ናቸው፤ ዕቅዱ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ማህተሙ አለ። ከዚህ ውስጥ በክፍልሽ የለወጥሽው የቱን ነው ብዬ ብጠይቃት ሳቀች። ፋይሉ የሚሠራው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ እንዲታይ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ የሚያየው ፋይሉን እንጂ ክፍሉን አይደለም፤ ለብዙ ትምህርት ቤት አንድ ሰው ስለሆነ እሱም ቢሆን ጊዜ የለውም። እሷ እንደምትለው ስልሳው ሰዓት ለመማር ሳይሆን ለመጻፍ ነው የሚውለው።

ሌላው የሥልጠና መንገድ ወርክሾፕ ነው። አንድ አዲስ ሶፍትዌር ወይም አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ጥቂት ሰዎች ማዕከል ላይ ይሠለጥናሉ፣ እነሱ ክልል ላይ ያሠለጥናሉ፣ የክልሉ ሰዎች ወረዳ፣ የወረዳው ትምህርት ቤት። አምስቱ ቀን ወደ ሦስት፣ ሦስቱ ወደ አንድ፣ አንዱ ወደ ግማሽ ቀን ይወርዳል፤ በመጨረሻ መምህሩ ጋ የሚደርሰው የስላይዱ ኮፒ ነው። ዜና ከምንጭ ወደ ምንጭ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለእኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። አበሉም የራሱ ጣጣ አለው፤ ለሥልጠና የሚላከው ሁልጊዜ የሚያስተምርበት ሰው ላይሆን ይችላል። ይህን አክስቴ ብቻ ሳትሆን መምህር የሆነ ሁሉ የሚነግራችሁ ነው።

አጠገብ የሚቀመጥ ሰው

ታዲያ መምህር የሚለወጠው በምንድን ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ ጥናቶች በሚገርም ሁኔታ ይቀራረባሉ። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ ገና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሉት፣ ንድፈ ሐሳብ መስጠት ብቻውን ክፍል ውስጥ ምንም አይለውጥም፣ ማሳየትም ብቻውን ብዙ አይለውጥም፤ መምህሩ ሲያስተምር አይቶ የሚነግረውና ደጋግሞ የሚያግዘው ሰው ሲኖር ነው አዲሱ ዘዴ ሥር የሚሰደው ነው። ይህንን ኮቺንግ ይሉታል፤ ቃሉን ከስፖርቱ ወስደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ማቲው ክራፍትና ባልደረቦቹ 60 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ኮቺንግ የማስተማር አሠራርንም የተማሪ ውጤትንም እንደሚያሻሽል አገኙ። አንድ ነገር ግን ጨመሩ፤ ፕሮግራሙ ሲሰፋና ብዙ መምህር ሲይዝ ውጤቱ ይቀንሳል።

የሰው አጋዥ ውድ ነው። መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል፣ ደመወዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ኢንተርኔት ሲመጣ የሁሉም ሐሳብ አንድ ሆነ፤ አጋዡን በስክሪን ብናደርገውስ? ይህን በቁም ነገር የፈተነችው ደቡብ አፍሪካ ናት። በምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ180 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራንን ከፋፈሉ። በ50ዎቹ አጋዡ በአካል እየመጣ ክፍል ይገባል። በሌሎቹ 50 መምህሩ ታብሌት ተሰጥቶት አጋዡ በስልክና በመልእክት ያግዘዋል። የቀሩት 80 እንደነበሩ ቀጠሉ። የትምህርት ዕቅዱና መጻሕፍቱ ለሁለቱም ቡድኖች አንድ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱ ተቀራራቢ ውጤት ስላሳዩ “ይኸው፣ በርካሹ ይሆናል” የሚል ተስፋ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በአካል የታገዙት ክፍሎች ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ንግግርም በንባብም ተሻሽለው ተገኙ። በስክሪን በታገዙት በኩል በንግግሩ የታየው መሻሻል አነስተኛ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ንባብ ለውጥ አልተገኘም፤ ይባስ ብሎ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባባቸው ወደ ኋላ ቀሩ።

እኔ ይህን ውጤት ሳነብ ቆም ብያለሁ። ምክንያቱም ኢንተርኔት ሁሉን ያቀርባል ብለን የምናስብ ትውልድ ነን። ታብሌቱ ዕቅዱን ያመጣል፣ ቪዲዮውን ያመጣል፣ መልእክቱን ያደርሳል። መምህሩ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያሉት ልጆች እያንቀላፉ መሆናቸውን ሳያይ ቢቀር ግን ሊነግረው የሚችለው እዚያው የተቀመጠ ሰው ነው።

ይህ ማለት ግን መሣሪያው አያስፈልግም ማለት አይደለም። ኬንያን እንይ። “ቱሶሜ” በሚባለው የንባብ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ፣ ታብሌቱ የተሰጠው ለተማሪ ሳይሆን ለየአካባቢው የመምህራን አጋዦች ነው። አጋዡ ክፍል ገብቶ ትምህርቱን እየተከታተለ ያየውን በታብሌቱ ይመዘግባል፤ ጥቂት ልጆችን ያስነብባል፤ ከዚያ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። የት እንደሄደም መሣሪያው ስለሚመዘግብ ክፍል ሳይገባ ፋይል ብቻ አይቶ መመለስ አይመቸውም። የአክስቴ ሱፐርቫይዘር ትዝ አለኝ። በአንጻሩ ፔሩ ላፕቶፑን በቀጥታ ለልጆች ሰጠች። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት እንዳሳየው የኮምፒውተሩ ብዛት ለአንድ ተማሪ ከ0.12 ወደ 1.18 ቢያድግም በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ላይ የታየ ለውጥ አልነበረም። አገራችንም በዚያው ዘመን ያንኑ ላፕቶፕ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ሞክራለች።

መምህራን ጋ ያለው ነገር

ወደ ኢንተርኔቱ መማሪያዎች ልመለስ። ብዛታቸው ለጉድ ነው። እነ ኮርሴራና ኤድኤክስ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ኮርሶችን ለማንም ከፍተዋል፤ ለመምህራን የሚሆኑም አሉባቸው። ጀምረው የሚጨርሱት ግን ጥቂቶች መሆናቸው በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ብቻውን ማታ ስልክ ላይ የሚማር ሰው ማን ይቀሰቅሰው? በእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት ለአፍሪካ መምህራን የተዘጋጀው “ቴሳ” ደግሞ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ለክፍል የሚሆኑ ተግባራዊ ሥራዎችን በነፃ ይሰጣል፤ አንድ መምህር እንደ አገሩ ሁኔታ ቀይሮ እንዲጠቀምበት መፈቀዱ ደስ ይላል። በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በአረብኛና በስዋሂሊ ነው የተዘጋጀው።

የእኛ አገር መምህር ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው ግን ቴሌግራም ነው። ለማስተማር የተሠራ አይደለም፤ ማንም ለመምህራን አላደለውም፤ ማንም ሥልጠና አልሰጠበትም። ግን የሚያስፈልገውን ይዟል። ትልቅ ፋይል ይቀበላል፤ የላኩት ነገር ስልክ ቢቀየርም አይጠፋም፤ ዘግይቶ ወደ ቡድኑ የገባ ሰው የድሮውን ሁሉ ያገኛል፤ ድምፅ መላክ ስለሚቻል መተየብ የሚያስቸግረው ሰው አይገለልም። እኛም የኮርስ ሃንድአውት የምናገኘው በዚያው አይደል?

ችግሩ በቡድኖቹ ውስጥ የሚዘዋወረው በአብዛኛው ፋይል መሆኑ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ፣ የዓምናው ፈተና፣ የተዘጋጀ ዓመታዊ ዕቅድ። እነዚህ ጊዜ ይቆጥባሉ፤ መምህርን ግን አይለውጡም። የሙያ ትምህርት የሚጀምረው “ይህን ርዕስ ሳስተምር ልጆቹ እዚህ ጋ ተሳሳቱብኝ፤ እናንተስ?” የሚል መልእክት ሲመጣ ነው፤ ይህ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ማን ነው አላውቅም ብሎ ርዕሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩ ባሉበት የሚጽፍ?

ዳታውን የሚከፍለው መምህሩ ራሱ ከደመወዙ መሆኑም መረሳት የለበትም። መስመሩም የሚታመን አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆይተዋል፤ ያኔ ብዙ ሰው በቪፒኤን ነበር የሚገባው። ትግራይ ከኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ተቆርጣ ቆይታለች። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ከዚያ በፊት መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሄደውም አብዛኛው ቤት ኢንተርኔት ስለሌለው ነው። እንደገና አንድ አቅጣጫ።

በዚህ ምክንያት እኔ ተስፋ የማደርገው ያለ ኢንተርኔት በሚሠሩት ላይ ነው። “ኮሊብሪ” የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ትምህርቱን አንዴ አንድ ኮምፒውተር ላይ ካወረዱት በኋላ በግቢው ዋይፋይ ብቻ ለሁሉም ያዳርሳል፤ “ኪዊክስ” ደግሞ ዊኪፒዲያን እንዳለ ይይዛል። አንድ የጉድኝት ማዕከል አንድ እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ቢኖረው መምህራኑ ሲሰበሰቡ አብረው የሚያዩት፣ አብረው የሚሞክሩት ነገር አላቸው ማለት ነው። ስብሰባው ቀድሞም አለ፤ ስልሳው ሰዓትም አለ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት በመጀመሩ ደግሞ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አልሆነም፤ ተማሪውን ለዚያ የሚያዘጋጀው ያው መምህር ነው።

አክስቴና በአቅራቢያዋ ትምህርት ቤቶች ያሉ ሦስት የባዮሎጂ መምህራን በዚህ ዓመት የራሳቸውን ትንሽ ቡድን ከፍተዋል፤ አራት ሰው ብቻ፣ አለቃ የለበትም። ደንቡ እያንዳንዳቸው ከአንድ ክፍለ ጊዜ አምስት ደቂቃ በስልካቸው ቀርጸው እንዲልኩ ነው። ካሜራው ወደ ሰሌዳው ብቻ ይዞራል፤ የልጆቹ ፊት አይታይም፣ ድምፃቸው ግን ይሰማል። ሌሎቹ ሦስቱ አይተው የድምፅ መልእክት ይልካሉ፤ አንድ የወደዱትን፣ አንድ እነሱ ቢሆኑ የሚለውጡትን። ፈቃዷን ጠይቄ የእሷን ሰማሁ። ስለ ፎቶሲንተሲስ ጥያቄ ትጠይቅና ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ራሷ ትመልሰዋለች። ይህን የነገራት አንዱ ባልደረባዋ ነው፤ ቆጥሮ ነው የነገራት። አሁን ከጠየቀች በኋላ በልቧ እስከ አሥር ትቆጥራለች። እስከ አሁን ሦስቱ ልከዋል። የአራተኛው መምህር ስልክ ሜሞሪው ሞልቶ አልቀዳ ስላለው ካርድ እስኪገዛ እየጠበቁት ነው።